የቅዳሜዋ ተማሪ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ምን ይወጣዋል? ጡረተኛው መምህር ስምዖን ይህን የሚያስቡት በየቅዳሜው ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው የምትቀመጠውን ሴት ሲያዩ ነው። ስሟን አያውቁም። ጭቃ የነካ ቦቲዋን አውልቃ ከፌስታል ባወጣችው ጥቁር ጫማ ትቀይራለች።

«ዶክተር፣ መኪናውን ጫማ ቤት አደረግሽው እኮ!» ይላል ወያላው።

«ገና ማስተርሴን ነው፤ ተወኝ እስኪ!»

የማኅበራዊ አገልግሎት አስተዳደር ትማራለች። ጥናቷ ከተማው ሲሰፋ መሬታቸውን ስላጡ ገበሬዎች ነው። ዘመኑ ክፉ ስለሆነ ስማቸውን ትታ በቁጥር ጽፋቸዋለች።

«ተሳታፊ አራት ማን ናቸው?» አሏት ስምዖን አንድ ቀን፣ የያዘችውን ወረቀት አይተው።

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ አባባ። ስማቸውን በልቤ ነው የያዝኩት።»

በ2008 ዓ.ም. መንገዱ በድንጋይ በተዘጋበት ጠዋት ተሳፋሪው ሁሉ ተመለሰ። እሷ ግን ቦቲዋን መልሳ አጠለቀች፤ ወረቀቷን ጉያዋ ሸጉጣ ወደ እንጦጦ ዳገት በእግሯ ወጣች። ስምዖን የወለዷት ያህል ኮሩባት።

ጥናቷን ስትጨርስ የዩኒቨርሲቲዋን ትምህርት ክፍል የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጥናቴን ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ በኦሮምኛ ላቅርብ፤ በቁጥር የጻፍኳቸው ገበሬዎችም ማንም ሳይለያቸው ሕዝቡ መሀል ተቀምጠው ያሉትን በትክክል መጻፌን ይፍረዱ አለች። እሺ ያላት አልተገኘም።