የነደደው ጉልቻ

ዛሬ የድንጋይ ከሰል የጫነ መኪና ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሽታው ሲሰነፍጠኝ የእናቴ ጎመን ትዝ አለኝ።

ያኔ ከቦንጋ ወጣ ያለው ሰፈራችን ጥቂት ጎጆ ብቻ ነበር። እናቴ ከወንዝ ያመጣችውን ጥቁር ድንጋይ ጉልቻ አድርጋ ጎመን ጣደችበት። ብዙም ሳይቆይ ጉልቻው ራሱ ነደደና ተሰነጠቀ፤ የሸክላ ድስቷም ወድቆ ተሰበረ። «በስመ አብ!» ብላ ጮኸች። ቀጥቃጩ አባቴ ግን ፍሙን በጉጠት አንስቶ ወናፉ አፍ ላይ አኖረው። ብረቱ ቶሎ ሲቀላለት «እናትሽን አመስግኚ፤ በዚህ ድንጋይ ከተማ ይቆረቆራል» አለኝ። እኔ ጥቁር ቤት የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማረሻና መጥረቢያ ፈላጊው እየመጣ፣ ከጎናችን እየሰፈረ ቀረ፤ ሰፈራችንም ከተማ ሆነ።

ለእናቴ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ከተማው ያንቺ ነው፤ ተባረኪ።»

«እሱስ ይሁን፤ ድስቴስ?» አለችኝ።