ዜሮን ሰማያዊ የቀባው ኃላፊ

ሰው ሲዋሽ በአፉ ነው። ሰቆጣ መስኖ ቢሮ ስሠራ የነበረኝ ኃላፊ ግን በቀለም ዋሸ፤ ያውም በእኔ ኮምፒውተር።

ከባሕር ዳር አንድ ሲዲ መጣልን። በእኛ ቀበሌ ሊጠለፍ የታሰበው ወንዝ ገና በሚቆፈረው ቦይ ሲወርድ ለየማሳው በየወሩ ስንት ውሃ እንደሚደርስ በኮምፒውተር የተሰላ ውጤት ነበር። ውጤት ይበሉት እንጂ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ነው፤ ፋይሉም በእኛ ማሽን አልከፈት አለ። መብራት በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደሚከፈት ዓይነት ቀየርኳቸው፤ ከዚያ ለየወሩ ካርታ ሠራሁ። ብዙ ውሃ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትንሽ ውሃ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ዜሮ ነጭ።

የየካቲቱ ካርታ የቦዩ ጫፍ ላይ ነጭ ወጣ። እዚያ ያለው የአባቴ ማሳ ነው። የተሳሳትኩ መስሎኝ ፋይሉን እንደገና ቀየርኩት። ያው ነጭ።

ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ፣ "ይኼ ነጭ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ውሃ የማይደርስበት ነው።"

"አጥፋዋ! ሕዝቡን ቦይ ቁፈር ልንለው ነው፤ ይህን ይዘን ልንሄድ?"

"ኧረ ቁጥሩ ዜሮ ነው!"

"ቁጥሩን ማን ንካ አለህ? ቀለሙን ነው ያልኩህ።"

እምቢ አልኩ። ምሳ በልቼ ስመለስ ራሱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ዜሮን ሰማያዊ አድርጎታል። ቁጥሩን ባለመንካቱ እንደ ጨዋ ራሱን ቆጥሮ ፈገግ አለልኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንዲት ጠብታ ሳያፈስ መሬት አጠጣ!

ካርታው በትልቁ ታትሞ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ታናሽ ወንድሜ ያን ሰሞን ሳዑዲ ለመሄድ ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ማሳችን ሰማያዊ መሆኑን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። "ሽንኩርት እተክላለሁ" ብሎ ዶማውን ይዞ ቦይ ቁፋሮ ወረደ። እናቴ እልል አለች። 

ሕዝቡ ለስብሰባ በመጣበት ቀን ተነሣሁና ጣቴን ማሳችን ላይ አድርጌ፣ "እዚህ በየካቲት ውሃ የለም። ይኼ ቀለም ነው" አልኩ። ኃላፊው "ተቀመጥ!" ብሎ ጮኸብኝ፤ ሕዝቡ ተንጫጫ። ወንድሜ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጥሎ ወጣ። በሳምንቱ ሳዑዲ ሄደ።

አባቴን፣ "ውሸት ነበር እኮ አባባ፤ እርስዎ ቢሆኑ ዝም ይሉ ነበር?" አልኳቸው።

"እውነቱን በመናገርህ ደግ አድርገሃል፤ ብቻ ያ ወረቀት ልጄን ይዞልኝ ነበር" አሉኝ።

ያን ኃላፊ ይቅር የማልለው ለዚህ ነው። የእሱ ውሸት ወንድሜን አስቀረው፤ የሰደድኩት እኔ ሆንኩ።