የመስኪ ዛጎሎችና የእኔ በረኪና

ትናንት ከሰዓት መስኪ ከአባቷ ለቅሶ ከአገሯ ከጌጫ ተመለሰች... ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ መደርደሪያዋ ሄደች። እኔ ደግሞ ከኋላዋ ቆሜ ምስጋናዬን እጠብቃለሁ።

መስኪ እዚህ ሚዛን ከተማ እኛ ግቢ ተከራይታ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠና ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት አባቷ ማረፋቸውን ዘመዶቿ ለእኔ ደውለው ነገሩኝ። መርዶ እንዲሁ በድንገት አይነገርም፤ አገሯ ገብታ፣ ወገን ባለበት ነው የሚነገራት። ስለዚህ «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ደርሰሽ ነይ» አልኳት። ቁልፏን እየሰጠችኝ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ ሮማን፣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሳህኖች ግን...»

ፊቴን አይታ እንዳትጠረጥር ፈርቼ አላስጨረስኳትም። «ሂጂ አንቺ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ፤ ቤቱን ለእኔ ተይው» ብዬ ሸኘኋት።

ስትመለስ ለቅሶ ደራሽ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቤቷ ተዝረክርኮ ሰው እንዳያይባት ብዬ ላጸዳላት ገባሁ። በጽዳት እኔን የሚያህል የለም፣ ሰፈሩ ይመስክር። መደርደሪያው ላይ ጭቃና ውሃ የያዙ ሳህኖች ተደርድረዋል። ጭቃው ውስጥ ጥፍር የሚያህሉ፣ ሁለት ክዳን ያላቸው የወንዝ ዛጎሎች አሉ። አንዱን ብከፍተው... ሥጋው ውስጥ ትል።

«ውይ ይቺ ልጅ፣ ተበላሽቶባት ሳታይ» አልኩ። ሁሉንም ቦይ ውስጥ ደፋሁ፣ የፈላ ውሃም አስከተልኩበት። ሳህኖቹን በበረኪና አጥቤ ደረደርኳቸው።

«እዚህ የነበሩትስ?» አለችኝ ትናንት ባዶውን ሳህን ይዛ።

«ተልተው ነበር እኮ፣ ደፋኋቸው።»

ሳህኑን መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ነው ያስረዳችኝ። ትል ያልኳቸው የረግረግ ዝንብ እጮች ናቸው። እጩ ዛጎሉ ውስጥ ገብቶ ሥጋውን እየበላ ነው የሚያድገው። ጥናቷ ይኸው ነበር። ወራት ሙሉ ጠብቃቸው፣ ዝንብ ሆነው ሊወጡ ጥቂት ቀን ነበር የቀራቸው። ያን ቀን ልትለኝ የነበረው «እንዳትነኪያቸው፣ ውሃ ብቻ ጨምሪላቸው» ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔው ራሴ ወንዝ ወርጄ እለቅምልሻለሁ» አልኳት። እዚህ አገር ወንዝ መች ጠፋ።

«ዛጎልስ ይገኛል፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እነዚያን ግን የለቀመልኝ አባዬ ነበር። ከቡናችን በታች ካለው ረግረግ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ... በጀሪካን ነው የላከልኝ።»

አለቀስኩ። ይባስ ብላ እሷ ታጽናናኝ ጀመር። ሐዘን ላይ ያለችው እሷ፣ የምጽናናው እኔ። ለቅሶ ደራሾች ሲገቡም እኔ ነኝ የማለቅሰው፤ «ሮማን እንዴት አንጀቷ አልቻለም» ይላሉ። መስኪም አንድ ቃል አልተነፈሰችብኝ።

ከሐዘን ልጠብቃት ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አቋረጥኳት። ያችን ብቻ ባስጨርሳት ኖሮ መኪናውም አያመልጣት፣ የአባቷ እጅ የለቀመውም አይደፋባት።

ቤቱ እንደሆነ... ዛሬም በረኪና በረኪና ይሸታል።