የወንድሜ ሳተላይትና ያልተነገረው መርዶ

ሌሊት የወጣሁ ይመስላችኋል። አይደለም። አሰብ ላይ ሰው የሚጠፋው በቀትር ነው፤ ሙቀቱ ጠባቂውንም ተጠባቂውንም ሲያስተኛ። ለውትድርና ከመጠራቴ በፊት በዓሣ መኪና ድንበሩ አጠገብ ካለችው መንደር ራሔይታ ደረስኩ፤ ከዚያ በጀልባ ጅቡቲ ገባሁ።

እዚያ የስደተኞች መዝጋቢው አማርኛ ይሞክር ነበር።

«ዘመድ አለህ?»

«ታላቅ ወንድሜ ሶቪየት ኅብረት ኢንጂነሪንግ ይማራል። ሳተላይት ይሠራል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ወንድምህ ሰማይ ላይ ዕቃ ይሰቅላል፤ አንተ በዓሣ ጀልባ መጣህ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ጠይቀው፤ ከላይ ሲያይ ለአንተ የሚሆን ቦታ ካለ።»

እውነቴን ነበር። ወንድሜ ተስፋዬ፣ ተማሪዎች በሚሠሯት ትንሽ ሳተላይት ላይ የሬዲዮውን ክፍል ይመራ ነበር። የኩባና የቬትናም ልጆች በእሱ ሥር ነበሩ። አንቴናው ሲሰበር «ማን ሰበረ?» አላለም፤ «ማን አብሮኝ ያመሻል?» አለ እንጂ።

ጅቡቲ እንደ አሰብ ትሞቃለች። ዳቦው ረጅም፣ ሰላምታው አጭር ነው። ለተስፋዬ አድራሻዬን ላክሁ። መልሱን የጻፈው አብሮት የሚኖር ያገሬ ልጅ ነው። ተስፋዬ ሳንባውን ታሞ ሞቷል። ሳተላይቷ ፈተናዋን አልፋለች፤ ክረምታቸው ሲወጣ ትመጥቃለች። «ለእናትህ በሽማግሌ አስነግር» ይላል።

እኛ ጋ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎረቤት ማልዶ ተሰብስቦ ይገባል። ወደብ ቢሮ ለሚሠሩት ጎረቤታችን ለሐጂ ኢብራሂም ደውዬ የተስፋዬን ሞት ነገርኳቸው።

«ሐጂ፣ መርዶው ሳተላይቷ እስክትነሣ ይቆይልኝ። መጀመሪያ ደስ ይበላት።»

«ልጄ፣ በየቀኑ ሰላም እላታለሁ። ዓይኗን እንዴት ልየው?» በመጨረሻ «እሺ» አሉ።

በሳምንቱ ስደውል እናቴን ቢሮ አምጥተዋት ነበር።

«ወንድምህ ጻፈልህ?»

«ሥራ በዝቶበታል። ሳተላይቷ ፈተና አለፈች።»

«ሰማችሁ? የልጄ ሳተላይት ፈተና አለፈች» አለች ለቢሮው ሰዎች። «ብርዱስ?»

«ለምዶታል።»

«የላክሁለት ሹራብ ደረቱ ላይ ጠብቦት እንደሆነ ንገረኝ። ሌላ ጀምሬለታለሁ።»

በዚያ ሙቀት ሱፍ ጭኗ ላይ አድርጋ ታየችኝ። «ተይው» ልላት ፈልጌ ነበር።

«ሐጂን አገናኚኝ» አልኳት።

«አቤት፣ ልጄ» አሉ።

«ነገ ጧት ግቡ።»

ከጎናቸው እናቴ «ምን አለ? ልኩን ነገረዎ?» ስትል ሰማኋት።