ወተት ነው ያልኩት ውሃ

«የቀጠርኩሽ ስለምትችዪ አይደለም፤ ዳሽቦርድ ሥር ስለምትገቢ ነው።»

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ መኮንን ይህን ያሉኝ በመጀመሪያው ቀኔ፣ ገና ቱታ ሳልለብስ ነው። አልዋሹም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ከሰበታ ቡራዩ አክስቴ ጋ መጥቼ ሥራ እፈልግ ነበር፤ ክብደቴ አርባ አምስት ኪሎ አይሞላም። የቀድሞው የኤሌክትሪክ ሠራተኛቸው ደግሞ ወፍሮ ከመሪ ሥር መግባት አቅቶት ነበር።

«ደመወዙም በኪሎ ነው?» አልኳቸው። አልሳቁም። ቱታ ወረወሩልኝ።

ሁለት ዓመት በጀርባዬ ተኝቼ ሠራሁ። ጭንቅላቴ ፔዳሎቹ መሀል፣ እግሬ ከበሩ ውጪ፣ ካቻቢቴ በጥርሴ። በማዕረግ ጋሽ መኮንን ከላይ ናቸው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ሁለት ሜካኒኮች፣ ከዚያ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ፣ ከዚያ እኔ። ደንበኞች ፊቴን አያውቁትም፤ ጫማዬን ግን ያውቁታል። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት ሴትዮ እግሬን አይታ «የኔን ፍሬቻ የሠራሽው አንቺ አይደለሽ?» ብላኛለች።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የኤሌክትሪኩን ጠረጴዛ። ጥግ ላይ ያለ፣ ላፕቶፑና የመኪና ኮምፒውተር የሚያነበው ማሽን የተቀመጡበት፣ ጋሽ መኮንን ብቻ የሚነኩት ጠረጴዛ ነው። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ሌላ ቦታ የለም።

ሰኔ ላይ ኦቦ ጉደታ መጡ። ከገፈርሳ ወዲያ ላሞች አሏቸው፤ በየማለዳው ኤስዩቪ በሚሉት ዓይነት አሮጌ መኪናቸው ወተት ጭነው አዲስ አበባ ያደርሳሉ። ያኔ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ የአምቦ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ድንጋይ ይደረደራል፣ ድንጋይ ይነሳል። ወተት ግን አይጠብቅም።

«ኢንተለ ኮ፣ ይሄ መኪና አብዷል» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ፍሬቻ ሳሳይ ዝናብ መጥረጊያው ይነሳል። ፍሬን ስይዝ ክላክሱ ይጮኻል። ትናንት መንገድ የዘጉት ልጆች ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፤ ጮኸ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ትንሽ ዝቅ ብዬ ፖሊሶቹ ጋ ፍሬን ያዝኩ፤ ጮኸ። እነሱ አላጨበጨቡም።»

«ምን አሉዎት?»

«ምንም። ወተቱን አንድ በአንድ አስከፍተው አዩት።»

ጋሽ መኮንን መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩና ወደኔ መጡ። «ይሄን ብቻሽን ከጨረስሽው ጠረጴዛው ያንቺ ነው» አሉኝ።

መብራቱን፣ ክላክሱን፣ መጥረጊያውን፣ መስኮቱንና የበር ቁልፉን የሚያዘው አንድ ሳጥን ነው። ቦዲ ኮምፒውተር እንለዋለን። ምሳ ዕቃ ያህላል። በዚህ መኪና ላይ የሚገኘው ከመሪው በስተግራ፣ ከሾፌሩ እግር በላይ ነው። ሽፋኑን ፈትቼ ስገባ የሶኬቱ እግሮች አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። እርጥበት ነክቶታል ማለት ነው። እዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። ከዚህ በኋላ ትክክል የሆንኩበት ቦታ ጥቂት ነው።

ሳጥኑን አሸተትኩት። መኪናው በሙሉ ወተት ወተት ይላል፤ ሳጥኑም ወተት ወተት አለኝ። ወጥቼ በሰው ፊት ፈረድኩ። «ወተት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ ከኋላ ይፈሳል፣ ምንጣፉን ተከትሎ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከዚያ ይገባል።» ሳጥኑ ያለው ከወለሉ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። ወተቱ ሽቅብ እንዴት እንደወጣ አልጠየቅኩም፤ የጠየቀኝም የለም። ኦቦ ጉደታ በዕድሜ አያቴ ይሆናሉ፤ ስለ ክዳን አዘጋግ አስተማርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። በማግሥቱ ለሁሉም የወተት ጣሳ አዲስ ክዳን አሠሩ።

የዚህ መኪና ሳጥን አዲሱ አይገኝም። ያገለገለ ለማግኘት ቁጥሩን ይዤ ለከድር ደወልኩ። ከድር ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው እኩያዬ ነው፤ ሳይሞክር ዕቃ አይሸጥም ይባልለታል። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሦስት ቀን ጋራዡን ከውስጥ ቆልፈን ብሎን ስንለይ ዋልን። በአራተኛው ቀን በሚኒባስ ሾፌር ላከልኝ። ላዩ ላይ በማርከር «ተሞክሯል» ብሎ ጽፎበታል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ይኼ ነው። በመጀመሪያ የአሮጌውን ሳጥን መረጃ በማሽኑ አንብቦ ማስቀመጥ። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ ትንሽ መጠበቅ። ሶኬቶቹን ፎቶ አንስቶ መንቀል። የመጣውን ሳጥን ማሰር። መረጃውን መጫንና የመኪናውን ቁልፎች ማስተዋወቅ። ጋሽ መኮንን ሲሠሩት አሥር ጊዜ አይቻለሁ። እኔ ከሁለተኛው ጀመርኩ።

ባትሪውን ስመልስ ሳጥኑ የኖረበትን መኪና ፈለገ፤ ያገኘው የኦቦ ጉደታን ነው። ሌባ የገባ መስሎት ክላክሱን ለቀቀው። የባትሪው ገመድ እጄ ላይ ነበር፤ መልሼ ብነቅለው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሮጬ ዳሽቦርድ ሥር ገባሁ። ልማድ ነው።

የሰፈሩ ሰው በዚያ ሰሞን ለድምፅ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚውለው። ማዶ ያለው ዳቦ ቤት የብረት በሩን ለቀቀው። ቀጥሎ ፋርማሲው። ቀጥሎ ሞባይል ጠጋኙ። ጋሽ መኮንን ደርሰው ገመዱን ሲነቅሉትና እኔ ከሥር ብቅ ስል፣ ከጋራዡ እስከ ታክሲ መያዣው ያለው ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፤ አንዲት እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ልታወጣ እየሮጠች ነው።

«ብቻሽን አድማ መታሽ» አሉኝ ጋሽ መኮንን።

በየበሩ እየዞርኩ የመኪና ክላክስ መሆኑን አስረዳሁ። ዳቦ ቤቱ እስከ ማግሥቱ አልከፈተም። አላመነኝም።

ያላነበብኩትን የአሮጌውን ሳጥን መረጃ ለማዳን ከጎረቤት የሴቶች ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተውሼ ሳጥኑን ግማሽ ቀን አደረቅኩት። ነቃ፤ ለመነበብ ያህል ብቻ። መረጃውን ላፕቶፑ ላይ አስቀመጥኩ፣ የከድር ሳጥን ላይ ጫንኩ፣ ሁለቱን ቁልፎች አስተዋወቅኩ። ፍሬቻው ፍሬቻ ሆነ፣ ክላክሱ ክላክስ። ኦቦ ጉደታ «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ጋሽ መኮንን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፉልኝ።

ሰበታ ላለችው እናቴ ደውዬ ወንበር አገኘሁ አልኳት።

«ሹመት ነው?» አለችኝ።

«እንደዚያ በይው» አልኳት።

ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩበት። እግሬን አጣምሬ ጎሚስታውን «እስቲ ካቻቢቴ አቀብለኝ» ማለት ጀመርኩ። ካቻቢቴው አጠገቤ ነው ያለው።

ሐምሌ ላይ፣ ሲዘንብ ባደረ ማግሥት፣ ኦቦ ጉደታ መጥረጊያቸው እየተወራጨ ገቡ። ክዳኖቹን አሳዩኝ፤ ጠብታ አላፈሰሱም። ወተቱ ነፃ ወጣ፤ እኔ ግን ሌላ ጥፋተኛ አላጣሁም። የስልኬን ድምፅ ከፍቼ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ለከድር ደወልኩ።

«የሞተ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ። ማርከርህን ጣለው።»

«እህት፣ ሞክሬ ነው የሰጠሁሽ።»

«ምን ላይ? ቤትህ ሬዲዮ ላይ?»

«ሌላ ይዤ ራሴ እመጣለሁ። ያኔ ፊት ለፊት ትሰድቢኛለሽ» አለ።

ጋሽ መኮንንም ሰምተው ዝም አላሉም። ሰበታና ሱሉልታ ላሉ ሦስት ወዳጅ ጋራዦች ደውለው ከዚያ ልጅ ዕቃ እንዳይገዙ ነገሯቸው።

ከድር በነጋታው መጣ። ታክሲ ከዊንጌት ወዲህ ስላልሠራ በእግሩ ነው የመጣው። ሳጥኑን በጃኬቱ ጠቅልሎ አቅፎታል፤ እሱ በስብሷል፣ ሳጥኑ ደረቅ ነው። ሰላም አላልኩትም። ዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ ተኛሁ።

ግንባሬ ላይ ጠብታ ወደቀ። ቀና ብዬ ሳይ ሌላ ወደቀ፣ ዓይኔ ውስጥ። ቀመስኩት። ውሃ ነው።

ወጣሁ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ፈታሁ። ከሥሩ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ ጫፉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ማፍሰሻ ቀዳዳ። ቦዩ በባሕር ዛፍ ቅጠል ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል፤ ላዩ እርጥብ፣ ሥሩ የበሰበሰ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በሽቦዎቹ መግቢያ በኩል ሳጥኑ ላይ ይንጠባጠባል። ቅጠሉን በእፍኜ እያወጣሁ መሬት ላይ ከመርኩት።

«ኦቦ ጉደታ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከኔ ነዋ» አሉ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። «ልጆቹ ጋ ቅጠል ያላሰረ መኪና አያልፍም። መጥረጊያው ላይ ሻጥ አደርጋለሁ። ፖሊሶቹ ጋ ሳልደርስ እመነጭቀዋለሁ። ስመለስ ደግሞ እንደገና።»

ለጀማሪዎች የምለው ይኼን ነው። ሳጥኑን ከመቀየራችሁ በፊት ያረጠበውን ፈልጉ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ወር ፈጀብኝ።

ጋሽ መኮንን የቅጠሉን ክምር አዩትና ገባቸው። ክንዴን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ወሰዱኝ። «ጥረጊውና የልጁን ሳጥን እሰሪ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዕቃው ነው ብለናል፤ ዕቃው ነው። ለሦስት ጋራዥ ደውያለሁ። አሁን ደግሞ ሠራተኛዬ ቦዩን አላየችም ልበል?»

«አላየሁም እኮ።»

«ስሚኝ። እሱ ሱቅ አለው፤ አንድ ስድብ አይገድለውም። አንቺ ያለሽ ይሄ ወንበር ነው።»

ልክ ናቸው፤ ያለኝ እሱ ነው። ወንበሩን አየሁት። ከዚያ ከድርን አየሁት። በር ላይ ቆሞ ካልሲውን እየጨመቀ ነው።

«ከድር» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ፤ ስሰድበውም ሁሉም ሰምቷል። «ዕቃህ ጤነኛ ነበር። በውሃ የገደልኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ጉደታ፣ ወተትም አልነበረም። በክዳኖቹ ያስለፋሁዎት በከንቱ ነው።»

«ክዳኖቹ እንኳ ጥሩ ናቸው» አሉ ኦቦ ጉደታ።

ከድር ካልሲውን አጠለቀ። «ጋራዦቹስ? ከኔ እንዳይገዙ መነገሩን ሰምቻለሁ፤ ሱሉልታ ዛሬ ጠዋት ስልኬን አላነሳም።»

«እደውላለሁ።»

ቁጥሮቹን ጎሚስታው ሰጠኝ፤ እዚያው ቆሜ ለሦስቱም ደወልኩ። አንደኛው «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አለኝ። «ያጠፋችው» አልኩት።

ጋሽ መኮንን ሦስተኛውን ጥሪ እስክጨርስ ጠበቁ። አልጮኹም። «በሰው ፊት ዋሾ አደረግሽኝ» አሉ። «መኪናውን ጨርሽ። ነገ አትምጪ።»

ቦዩን አጠብኩ። ቀዳዳውን በሽቦ ከፈትኩ። ኔጌቲቩን ፈታሁ፣ ጠበቅኩ፣ ከድር ይዞት የመጣውን ሳጥን አሰርኩ፤ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠውን መረጃ ጫንኩ፣ ቁልፎቹን አስተዋወቅኩ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ ጎሚስታው መስታወቱ ላይ ሲያፈስልኝ እኔ ሥር ተኝቼ ጠበቅኩ። ጠብታ አልመጣም። ውሃው ከፊት ጎማው አጠገብ መሬት ላይ ወረደ።

ኦቦ ጉደታ ሞተሩን አስነስተው ላድርስሽ አሉኝ። አይ፣ እርስዎ ቤት ያለው ወተት እንዳይበላሽብዎት አልኳቸው።

እጄን በኦሞ ታጠብኩ። ቱታውን አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩ። የራሴ የሆኑትን ሁለት ካቻቢቴዎች በፌስታል ይዤ በትንሿ በር ወጣሁ።