ስድስት ቀርከሃ፣ ስድስት ሰው

ጥር አጋማሽ 2001 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከስድስታችን አምስቱ ከድምፅ መቅረጫ ክፍሉ እንዲወጡ ተነገራቸው። እኔ እንድቀር ተጠየቅሁ።

መቅረጫው አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት የሆቴል ክፍል ነበር። ቀራጩ የአካባቢውን ዜማዎች ሰብስቦ በአንድ ሲዲ ሊያወጣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። አምስቱ ጓደኞቼ የኦቾሎ መንደር ሸማኔዎችና ገበሬዎች ናቸው፤ ከተራራው መኪና መንገዱ ላይ እስካለችው ላንቴ ድረስ በእግር ወርደው፣ ከዚያ ሙዝ በጫነ አይሱዙ ተሳፍረው ነበር የደረሱት። እኔ ከተማ የምኖር ዘጋቢ ነኝ፤ እረፍት ሳገኝ ከእነሱ ጋር ዲንኬ እነፋለሁ። የኛ ዲንኬ ከቀርከሃ ይሠራል፤ አንዱ ቀርከሃ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ዜማው የአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል።

“እነሱ ከምቱ ይዘገዩብኛል” አለ ቀራጩ። “አንተ ስድስቱንም በየተራ ንፋቸው። እኔ በኮምፒውተር እገጥማቸዋለሁ። የሲዲው ሽፋን ላይ የሁላችሁም ፎቶ ይወጣል።”

ሲዲ ላይ መውጣት ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት ነገር ነበር። ነፋሁ። በጆሮ ማዳመጫው የሚመታውን ምት እየቆጠርኩ ስድስቱንም ነፋሁ። አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ቀራጩ በሩን ከፍቶ ለጓደኞቼ አሰማቸው። ረጅሙን ቀርከሃ የሚነፉት ታላቃችን፣ ሽማግሌው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

“ልጄ፣” አሉኝ፣ “ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚተነፍሰው?”

“ስድስት አፍ አብቅሎ ነዋ!” አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። በሥራዬ ያልተገኘን ሰው ተገኝቷል ብዬ ጽፌ አላውቅም። ሽፋኑ ስድስት ሰው ሊያሳይ ነው፤ የነፋሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

“አጥፋው” አልኩት ቀራጩን።

“ዕድልህን በእግርህ እየረገጥክ ነው።”

“እግሩ የኔ ነው። ወይ ስድስታችንን ቅረጽ፣ ወይ አጥፋው።”

“ለስድስት ሰው የሚሆን ማይክ የለኝም።”

“አንዱን መሐል አቁመው፤ እኛ እንከበዋለን።”

“እንዲህ እያላችሁ ነው ተቀብራችሁ የቀራችሁት!”

“ኦቾሎ እኮ ተራራ ላይ ነው” አሉት ሽማግሌው። “ማን ቀበረው?”

ፋይሉን ሲያጠፋ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ቀርከሃችንን ይዘን ወጣን።

ሲዲው ሚያዝያ ላይ ወጣ። ገዝቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ የኛ ዜማ የለበትም። በዚያው ወር ኦቾሎ ላይ ሰርግ ነበር። ነፍተናል። ስድስታችንም ነበርን።