ስንዴ የረሳ ደም

ቆቦ ሆስፒታል ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ ማይክሮስኮፑን መታ መታ አድርጎ፣ "እዚህ አገር ወባንና ጃርዲያን ካወቅህ እንጀራህን ትበላለህ" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እትዬ ዘሀራ ልጇን ሐዋን ይዛ እስክትመጣ ድረስ።

ሐዋ ሆዷ ተነፍቶ እግሯ ቀጥኗል፤ ተቅማጡም አልተዋትም። ሰገራዋን ደጋግሜ መረመርኩ። "ምንም የለም" ባልኩ ቁጥር እናትየዋ ልጅቷን ወደ እኔ አዙራ "ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?" ትለኛለች።

የሕፃናት ሐኪማችን ሴሊያክን ጠረጠረ፤ ስንዴና ገብስ አንጀትን የሚጎዱበት ሕመም ነው። የደም ምርመራው የሚሠራው አዲስ አበባ ነበር፤ እኛ ቀድተን እንልካለን። እትዬ ዘሀራ "አጨዳው ይለፍ" ብላ ሄደች።

ስትመለስ ሐዋ ፊቷ ሞላ ብሏል። ደሟን ቀድቼ፣ በሴንትሪፉጅ አዙሬ፣ ከላይ የተለየውን ፈሳሽ፣ ሰረሙን፣ በበረዶ ሣጥን ላክሁ። ውጤቱ "የለባትም" ሆነ። ደስ አለኝ።

እናትየዋን ግን አላስደሰታትም። "ወላሂ፣ የእርዳታው ስንዴ ነው የሚያማት። ክረምቱን እሱን በልታ ከሳች፤ ማሽላው ሲደርስ ዳነች።" ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ።

ሐኪሙ ጠየቃት፣ "ደም ስትሰጥ ስንዴ ትበላ ነበር?"

"ኧረ፣ ማሽላ ከገባ ወዲህ አልቀመሰችም።"

"እንግዲያው ውጤቱ አያስተማምንም። ምርመራው የሚፈልገው ነገር ስንዴ ሲቀር ከደም እየጠፋ ይሄዳል። ለተወሰኑ ሳምንታት ስንዴ አብያትና እንደገና እንቅዳ።"

"ድና ሳለ ለወረቀት ብዬ ላሳምማት?"

"ሳናውቅ ዕድሜ ልኳን መከልከልም ቀላል አይደለም።"

ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። እሷ ወደ እኔ ዞረች፤ "አንተስ፣ ልጅህ ብትሆን?" መልሴን ሳትጠብቅ ልጇን ይዛ ወጣች።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ የማሽላው ጎተራ ባዶ ሆነ። ቤት ያለው የእርዳታ ስንዴ ብቻ ነበር። ክረምቱ ሲጋመስ እትዬ ዘሀራ መጣች። ሐዋ እንደገና ከስታለች። እናትየዋ የልጅቷን እጅጌ ራሷ ሰብስባ "አሁን ቅዳ" አለችኝ።

ውጤቱ "አለባት" ሆነ። ሐኪሙ ከሕመሟ ጋር አገናዝቦ፣ "ሴሊያክ ነው። ስንዴና ገብስ አይድረሱባት፤ ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎ ትብላ" አላት።

እትዬ ዘሀራ "ይኼንንማ እኔም ነግሬያችሁ ነበር" አለች። "ማሽላውን ከየት ላምጣ?"



ለአዳዲስ ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው። ደም ከመቅዳታችሁ በፊት ልጁ ምን ሲበላ እንደሰነበተ ጠይቁ፤ ስንዴ ትቶ ከሆነ "የለበትም" የሚለውን ውጤት አትመኑ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ቤቱ የሚበላ ምን እንዳለ ጠይቁ።